ለየኔ ቢጤ ልስጥ ወይስ ልለፍ?

«እግዜር ይስጥህ» የሚለውን ቃል ሁለት ዓይነት ሰው ይለዋል። አንዱ የተቀበለ ሰው ነው፣ ሲያመሰግን። ሌላው መስጠት ያልፈለገ ሰው ነው፣ እጁን ኪሱ ሳይከት ሲያልፍ። ጅማ ላይ ደግሞ ቃሉ በሦስት መልክ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እግዜር ይስጥሽ»፣ መስጊድ በር ላይ «አላህ ይስጥህ»፣ ገበያ ውስጥ «ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ»። ሦስቱም ምርቃት ናቸው። ሦስቱም ሰውን በባዶ እጁ መሸኛ ናቸው። እኔ እዚሁ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ሦስቱንም ብያለሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምል ቆጥሬ አላውቅም። አንድ ሐሙስ ቀን ግን ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ሂርማታ አካባቢ መተላለፊያ የለም። የተሳፈርኩበት ባጃጅ በሰውና በጋሪ መሀል ተሰንቅሮ ቆመ። በግራ በኩል አስር ዓመት የማይሞላው ልጅ መጣ፣ የለበሰው ጃኬት ጉልበቱ ጋ ይደርሳል። በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ዓይነ ስውር አባት ዱላቸውን እየደገፉ ደረሱ። እኔ እጄ ላይ አስር ብር ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዘንቢሏን ወደ ጉልበቷ እየሳበች «ለልጁ እንዳትሰጠው ወንድሜ፣ ማስቲሽ ነው የሚገዛበት» አለችኝ። ሹፌሩ ዞር ብሎ «ኧረ ተዋቸው፣ አንዳንዱ ከኔ የተሻለ ነው የሚያገኘው» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ «ስጥ ልጄ። አንተ የምትጠየቀው በሰጠኸው ነው፣ እሱ ባደረገበት እሱ ይጠየቅ» አሉ። መንገዱ ተከፈተና ባጃጁ ተንቀሳቀሰ። አስሩ ብር እጄ ላይ ቀረ። ለማንም አልሰጠሁም።

ሦስቱም የተናገሩት እውነትነት አለው። ያንን ቀን ማታ እንቅልፍ የነሳኝም ይሄ ነው። ሴትየዋ ስለ ልጁ ጤና ነው የተጨነቀችው። ሹፌሩ ከንጋት እስከ ማታ ለፍቶ የሚያድር ሰው ነው፣ ሳይለፋ የሚያገኝ ሰው ሲያይ ቢቆረቁረው አይፈረድበትም። ሽማግሌው ደግሞ የያዙት የአባቶቻችንን ነገር ነው። ታዲያ ሦስቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ከሆኑ እኔ ምን ላድርግ? ይሄን ጽሑፍ የምጽፈው ለራሴ የደረስኩበትን መልስ ለማካፈል ነው። መልሴ አንድ አይደለም፣ ለአዋቂ ሌላ ነው፣ ለልጅ ሌላ ነው። ለምን እንደተለያየብኝ ላስረዳ።

መጀመሪያ ግን «ለማኝ» የምንለው ማን ነው? አንድ ዓይነት ሰው እንደሆነ አድርገን ስለምናወራ ነው ክርክራችን የማያልቀው። ጅማ ላይ እጁን የሚዘረጋውን ሰው ትንሽ ቆም ብላችሁ ብታዩት ብዙ ዓይነት ነው። ሰው ያልቀራቸው አረጋውያን አሉ። የአካል ጉዳት ያለባቸው አሉ። የአእምሮ ህመም ይዞት መንገድ ላይ የወደቀ አለ፣ እሱ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አይለምንም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለቡና ለቀማ ከሩቅ መጥቶ፣ ወቅቱ ሲያልቅ ወይ ሲያመው፣ መመለሻ ትራንስፖርት ያጣ ወጣት አለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ አለ። በእርግጥም ልመናን ስራ ያደረገ ሰውም አለ። መኖሩን መካድ አልፈልግም።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚከብደኝ ግን የሆስፒታሉ አካባቢ ነው። ጅማ የደቡብ ምዕራቡ የህክምና መዳረሻ ናት። ከቦንጋ፣ ከቴፒ፣ ከዳውሮ፣ ከበደሌ በሪፈር የተላከ ሰው እዚህ ይመጣል። አስቡት፣ አንድ ገበሬ ሚስቱን አሳክሞ በሦስት ቀን እመለሳለሁ ብሎ ይነሳል። በግ ሸጦ ወይ ተበድሮ ነው የመጣው። ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ይሆናል። እሷ አልጋ ላይ ናት፣ እሱ የሚያድርበት የለውም፣ የሚበላው የለውም፣ የምርመራና የመድኃኒት ወጪ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ መሬት አቀርቅሮ፣ መንገድ ዳር ይቆማል። ይሄ ሰው ባለፈው ወር ለማኝ አልነበረም። እንግዳ ተቀብሎ ቡና አፍልቶ የሚያስተናግድ አባወራ ነበር። እኛ ደግሞ ስናየው «አሁን ደግሞ በወረቀት ጀመሩ» እንላለን። ወረቀት ይዞ የሚያጭበረብር ስላለ ነው እንዲህ የምንለው። እሱ ግን በሌላ ሰው ውሸት ነው የሚቀጣው።

«እውነተኛ ችግረኛ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ጥያቄው ራሱ ክፉ አይደለም። ለፍቶ ያገኘውን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የት እንደሚደርስ ማሰቡ ተገቢ ነው። ችግሩ ከባጃጅ መስኮት ሆኖ በአስር ሰከንድ የሚመለስ ጥያቄ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ የምናደርገው ምንድን ነው? ፊት እናያለን። የቆሸሸውን እናምናለን፣ ንጹህ ልብስ የለበሰውን እንጠረጥራለን። ቁስሉ የሚታየውን እናምናለን፣ ስኳርና ኩላሊት የያዘውን እንጠረጥራለን። የሚያለቅሰውን እናምናለን፣ በጨዋነት የሚናገረውን እናልፋለን። ቆይተን ስናየው ሰዉን ያስተማርነው እኛው ነን። ቁስልህን ካልገለጥክ አልሰጥህም ስንለው ይገልጣል። ልጅሽን ካላዘልሽ አላይሽም ስንላት ታዝላለች። ከዚያ ተመልሰን «ትወና ነው» እንላለን። ማስረጃ ጠያቂዎቹ እኛ ሆነን ሳለ ማስረጃ አቀረባችሁ ብለን መቆጣታችን ልክ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ ሁለቱም የከተማችን ሃይማኖቶች ከኛ ይልቅ ቀለል አድርገው ነው የሚያዩት። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛር በሰበከው ስብከት መጽዋች ወደብ ነው ይላል። ወደብ መርከቧ የተሰበረችበትን ሁሉ ይቀበላል፣ ደግ ነህ ክፉ ነህ ብሎ አይመረምርም። ድሃን በምርመራ ማስጨነቅ የመጽዋች ስራ አይደለም። በእስልምናም ከነቢዩ ሙሐመድ የተላለፈ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ሰው በሌሊት ሰደቃ ይሰጣል፣ ሲነጋ ለሌባ መስጠቱ ይወራበታል። በሌላ ሌሊት ይሰጣል፣ ለዝሙተኛ ሴት ሰጠ ይባላል። በሦስተኛው ለሀብታም ሰጠ ይባላል። በመጨረሻ የሚነገረው ሰደቃህ ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ነው። ሌባው በሰጠኸው ምክንያት ከስርቆቱ ይታቀብ ይሆናል፣ ሴቲቱ ከዝሙቷ፣ ሀብታሙም ተምሮበት መስጠት ይጀምር ይሆናል። ያ ባጃጅ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌ የተናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሃይማኖት ውስጥ መግባት ለማይፈልግ ሰው በስሌትም ማየት ይቻላል። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። አንደኛው ለማይገባው ሰው አስር ብር መስጠት ነው። ሁለተኛው ለራበው ሰው መከልከል ነው። በመጀመሪያው የምጎዳው እኔ ነኝ፣ ጉዳቱም አስር ብር ነው፣ ማታ ቤቴ ስገባ ረስቼዋለሁ። በሁለተኛው የሚጎዳው እሱ ነው፣ ጉዳቱም ራት ነው፣ እሱ ሲተኛም አይረሳውም። ሁለቱ እኩል አይደሉም። መሳሳቴ ካልቀረ በመጀመሪያው በኩል ብሳሳት እመርጣለሁ።

«ይጠጣበታል፣ ያጨስበታል» የሚለውም ብዙ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ ከተለያዩ አገራት የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን አንድ ላይ አይተው ነበር። ጥያቄያቸው ድሃ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ሲሰጠው ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው ይጨምራል ወይ የሚል ነው። በጥቅሉ ያገኙት መልስ አይጨምርም የሚል ነው፣ በአንዳንዱ ቦታ እንዲያውም ቀንሷል። እርግጥ ጥናቱ ያየው በፕሮግራም የሚረዱ ቤተሰቦችን ነው፣ መንገድ ላይ የሚያድረውን ሰው አይደለም። ቢሆንም ድሃ ገንዘብ ሲያገኝ ወዲያው ያባክናል የሚለውን በልባችን ያለ እምነት ይነቀንቀዋል። ደግሞስ እኛ ደሞዛችንን በምን እንደምናጠፋ ማን ጠይቆን ያውቃል?

ስለዚህ ለአዋቂ፣ በተለይ ለአረጋዊና ለታመመ፣ ካለኝ እሰጣለሁ። አልመረምርም። ከሌለኝ ደግሞ ፊቱን አይቼ «ይቅርታ አባባ፣ ዛሬ አልያዝኩም» እላለሁ። ይሄ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ስጀምረው ከብዶኛል። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ለማኝ ስመልስ ፊቱን አይቼ አላውቅም ነበር፣ ስልኬን እያየሁ ነበር «እግዜር ይስጥህ» የምለው። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። ያንን እሳት ቀኑን ሙሉ ስንት መቶ ጊዜ የሚሞቀውን ሰው አስቡት፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው እንደ ሰው ቢያናግረው ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ።

በነገራችን ላይ ልመና በእኛ አገር ሁልጊዜ ውርደት አልነበረም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለምዱን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ነው ዳዊት የደገመው፣ ቅኔ የዘረፈው። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከተማሪ ቤት ከገባ ይለምናል። ትህትና መማሪያ ነው። በሙስሊሙም በኩል ከሼኪው ዘንድ ቁርአን ሊቀራ ከሩቅ የመጣውን ደረሳ የሚያበላው የአካባቢው ሰው ነው። የሰጠችው እናት ተማሪው ማን ዘንድ እንደሚማር ታውቃለች፣ ካልመጣ ታመመ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ተማሪውም የሚለምነው ለዕለት የሚበቃውን ያህል ነው፣ ጊዜው ሲደርስም ተምሮ ይወጣል። ከተማ ላይ የጠፋብን ይሄ መተዋወቅ ይመስለኛል። አሁን ሰጪውም ተቀባዩም አይተዋወቁም፣ ሳንቲሙ ብቻ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው። ጥርጣሬው የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ። እዚህ ላይ አቋሜ የጠነከረው በራሴ ስህተት ነው።

ለወራት ያህል አርብ አርብ አንድ ልጅ አገኝ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ሲወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ልጁ ተጫዋች ነው፣ ያውቀኛል፣ ከሩቅ ሲያየኝ ሮጦ ይመጣል። ሃያ ብር እሰጠዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ የሳምንቱ ጥሩ ስራዬ እሱ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ለወሬ ያህል «ትምህርት ቤት የለም እንዴ ዛሬ?» አልኩት። «አለ፣ ግን አርብ አርብ አልሄድም» አለኝ። ለምን ስለው ፈገግ ብሎ «አርብ ጥሩ ነው» አለ።

አርብ ጥሩ ነው። አርብን ጥሩ ካደረጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሃያ ብሬ ከሌላው ሰው አስርና አምስት ጋር ተደምሮ ከክፍል ያስቀረዋል። መጀመሪያ አርብ ይቀራል። ከዚያ ክርስቲያኑ የሚበዛበት የበዓል ቀን ይጨመራል። ከዚያ የገበያው ሐሙስ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚማር ልጅ ከክፍል ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ትምህርት ይጠላል፣ ትምህርት የጠላ ልጅ መንገድ ላይ ይውላል። መንገድ ላይ ደግሞ ማስቲሽ አለ፣ ከሱ የሚበልጡና የሚነጥቁት ልጆች አሉ፣ ማታ ምን ይዘህ መጣህ የሚል አዋቂም ሊኖር ይችላል። ትንሽ እያለ ሰዉ ያዝንለታል፣ ይሰጠዋል። ድምጹ ሲጎረንን ማንም አያዝንለትም። ያኔ አስራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሙያ የለው፣ ትምህርት የለው፣ የሚያውቀው አንድ ስራ ደግሞ መክፈሉን አቁሟል። ለአንዲት አረጋዊት እናት የምሰጠው ብር ዛሬዋን ያሳልፍላታል። ለልጅ የምሰጠው ብር ግን ነገውን ነው የሚወስድበት። ልዩነቱ ይሄ ነው ለኔ።

ታዲያ ልጅ ሲርበው ዝም ልበል? አይደለም። የራበው ልጅ ይብላ። ዳቦ ገዝቼ እዚያው አብሬው ቆሜ እሰጠዋለሁ፣ ወይ ሻይ ቤት አስገብቼ ፍርፍር አዝለታለሁ። ገንዘብ ነጣቂ ወይ ላኪ ሊወስደው ይችላል፣ ሆዱ የገባውን ግን ማንም አይወስድበትም። ስሙን እጠይቃለሁ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር። ያንን የአርቡን ልጅ እናቱ ጋ እንዲያደርሰኝ ለመንኩት። ሁለት ሳምንት እምቢ አለኝ፣ በሦስተኛው ወሰደኝ። እናቱ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። ለልመና አልላከችውም፣ ደብተርና ዩኒፎርም ስላልተገዛለት ልጆቹ ሲስቁበት ነው የጀመረው። እኔ በወራት ውስጥ ቆንጥሬ ቆንጥሬ የሰጠሁት ብር ደብተሩንም ዩኒፎርሙንም ይገዛ ነበር። አላወቅኩም። አልጠየቅኩም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እኔ የሰው ቤት እየዞርኩ የምጠይቅበት ጊዜ የለኝም» ሊል ይችላል። ልክ ነው፣ ለሁሉም አይቻልም። ግን ለአንድ ይቻላል። አንድ ዘመድ የምንረዳ ሰዎች አይደለን እንዴ? በብዛት የምናገኘውን አንዱን ልጅ ብቻ ብንይዝ ብዙ ነው።

የማይለምኑት ሰዎችም አይረሱ። ቁርአን ውስጥ ከልመና ስለሚቆጠቡ ድሆች የሚናገር አንቀጽ አለ፣ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ይመስሉታል ይላል። እኛም ሰፈር አሉ። በሩን ዘግቶ የሚራብ አለ፣ ጎረቤት እንዳያውቅባት ባዶ ድስት እሳት ላይ የምትጥድ አለች። ጡረታው ለአስቤዛ የማይበቃው የቀድሞ ሰራተኛ አለ። ይሉኝታ ከረሃብ የበረታባቸው ሰዎች ናቸው። የምንሰጠው እጅ ለዘረጋ ብቻ ከሆነ እነዚህ ሁልጊዜ ይቀራሉ። ከሐምሌ 2016 የብር የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ኑሮው እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ትናንት ሰጪ የነበረ ሰው ዛሬ ምን ላይ እንዳለ በቤቱ ካልገባን አናይም።

በኦሮሞ ባህል ውስጥ ያለው ቡሳ ጎኖፋ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ከብቱ ያለቀበት፣ አደጋ የደረሰበት ሰው እጁን ዘርግቶ እስኪወጣ አይጠበቅም። ወገኑ ተሰባስቦ ያዋጣና መልሶ ያቆመዋል። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ይሄን ነባር ስርዓት በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል። ዘካም እንዲሁ ነው። በዓመት ከአርባ አንድ እጅ፣ ማለትም ሁለት ነጥብ አምስት በመቶ፣ በሂሳብ የሚወጣ ነው፣ ስሜት ሲመጣ የሚወረወር ሳንቲም አይደለም። ማን መቀበል እንዳለበትም ስምንት ወገን ተለይቶ ተቀምጧል፣ ድሆችና ሚስኪኖች ከሁሉም ቀድመው። በክርስቲያኑ ዘንድ አስራት አለ። እድር ደግሞ ሁላችንም አለን፣ ግን ሰው ሲሞት ነው የሚንቀሳቀሰው። ድንኳን ተከልን፣ ንፍሮ ቀቀልን፣ ቀበርን። ያ ሰው ከመሞቱ በፊት መድኃኒት መግዣ ሲያጣ ግን እድሩ የት ነበር? ይሄን በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አንስቼ ነበር፣ ረጅም ክርክር ሆነ፣ ገና አልተቋጨም። ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

መንግሥትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 የአካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን መርዳት የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላል፣ አቅም በፈቀደ መጠን የሚል ቃል ታክሎበት። በ2009 ዓ.ም. ገደማ ድሃ የከተማ ነዋሪዎችን የሚረዳው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር። ከኦሮሚያ በመጀመሪያው ዙር የገባችው አዳማ ናት፣ ጅማ አልነበረችበትም። በማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኩልም መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮው የሚሸፈንበት አሰራር አለ። ያ የማዘዣ ወረቀት ይዞ የቆመው ገበሬ ቀበሌው ላይ ታቅፎ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ በብዙ ይቀልለት ነበር። ስለዚህ ገጠር ዘመድ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፣ መድን አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው። መዋጮውን ክፈሉላቸው። መንገድ ላይ ከሚሰጥ ብዙ ሳንቲም ይበልጣል።

ልመናን በህግ መከልከል የሚለው ሀሳብም በየጊዜው ይመጣል። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር የጎዳና ልመናን የሚከለክል ረቂቅ ህግ እያዘጋጀ መሆኑ በሰፊው ተዘግቦ ነበር። ልጆችን ለልመና የሚያሰማራ ሰው ይከልከል፣ ይቀጣ፣ በዚህ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ስራ መስራት የማትችል አሮጊትን ከመንገድ ማንሳት ብቻውን ምን ይፈይዳል? የምትሄድበት ሳይዘጋጅ ከተነሳች ረሃቧ አብሯት ነው የሚሄደው፣ እኛ ብቻ ነን ከማየት የምንገላገለው። ሲዘጋጅላት ደግሞ መከልከል አያስፈልግም፣ በፈቃዷ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ብርድና ዝናብ የሚደበድባቸው ወደው አይደለም፣ የጅማን ክረምት ደግሞ የምናውቀው እናውቀዋለን።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ አሁን ልመናው ወደ መኪናና ወደ ስልክ ገብቷል ይላል። እውነት ነው። ታማሚ ጭኖ በድምጽ ማጉያ የሚዞር መኪና አለ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር የተጻፈበት ባነር አለ፣ ቴሌብርም አለ። እዚህ ላይ የምርመራ ጉዳይ ይለያል። የራት ብር ያለ ጥያቄ ይሰጣል፣ ብዙ መቶ ሺህ የሚሰበሰብበት ነገር ግን ሊጣራ ይገባል። የህክምና ማስረጃውን ማየት፣ በሰነዱ ላይ ያለውን ስልክ ደውሎ መጠየቅ፣ ሂሳቡ በማን ስም እንደሆነ ማረጋገጥ ነውር የለውም። እውነተኛ ታማሚ በዚህ አይቀየምም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል።

እኔ አሁን የማደርገው ይሄን ነው። ደሞዝ በወጣ ቀን የተወሰነ ብር ለብቻ አስቀምጣለሁ። ትልቅ አይደለም፣ ግን በቀጠሮ የሚወጣ ነው። የመድኃኒት ወረቀት የያዘ ሰው ሲያጋጥመኝ አብሬው ፋርማሲ እሄዳለሁ፣ የሚቻለኝን እከፍላለሁ፣ የማይቻለኝን አልዋሸውም። እያንዳንዱን አይደለም፣ በወር አንድ ወይ ሁለት ሰው ነው። ለአርቡ ልጅ ደብተር ተገዝቷል፣ አሁንም አንዳንድ አርብ ይቀራል፣ ስናገኝ እንጣላለን። ለመንገድ የሚሆን ዝርዝር ኪሴ አይጠፋም። ቀሪው ለአንዲት እናት ነው።

እኚህ እናት መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የሚቀመጡት። ደንበኛዬ ናቸው ማለት ይቻላል። በየእሁዱ አጠገባቸው ትንሽ እቀመጣለሁ፣ ስለ ጉልበታቸው እንነጋገራለን፣ ስለ ልጃቸው ይነግሩኛል፣ ወደ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆየ። መጀመሪያ ላይ ብሩን ተቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነበር የሚሉኝ። አማርኛችን ለማኝን በጨዋ አፍ ሲጠራ «የኔ ቢጤ» ይላል፣ እኔን የሚመስል፣ እኩያዬ እንደማለት። ቃሉን በልጅነቴ ነው የለመድኩት፣ ትርጉሙን ሳላስብ።

ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ አጋሮ ሄጄ ሁለት እሁድ አመለጠኝ። በሦስተኛው ስመጣ ከሩቅ አዩኝና ከተቀመጡበት ሊነሱ ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እጄን ያዙኝና ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ምን ሆነህ ነው ልጄ? አሞህ መስሎኝ ለመድኃኔዓለም ነገርኩት እኮ» አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያቆዩትን የዝክር ዳቦ ፈትተው እኩሌታውን ሰጡኝ። ደርቋል። እዚያው ተቀምጬ በላሁት።